ምዕራፍ ስምንት፦ የሁርሶ ሰማይ ለምን ተሸነሸነ?

ስልክ ላይ ያማረ ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ የተበላሸበት ሰው ይህ ምዕራፍ ለምን እንደተጻፈ አይጠይቀኝም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወዳጄ ልሂድ።

ወዳጄ ፎቶ አንሺ ነው፤ የድሬ ልጅ። ሁርሶ ሥልጠናውን ጨርሶ የወጣ አንድ ወጣት ወታደር ለእናቱ የሚልከው ትልቅ ፎቶ ፈልጎ ነበርና ሜዳ ላይ አቁሞ አነሳው። ሁርሶን የሚያውቅ ሰማዩን ያውቀዋል። አገሩ ቆላ ነው፤ በበጋ ሰማዩ ከአድማሱ ነጣ ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ ሲሄድ ሰማያዊነቱ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ልጁ ከታች ቆሟል፤ ከፎቶው ሁለት ሦስተኛው ሰማይ ነው። ወዳጄ ልጁን አጠራ፣ ሰማዩን አጠቆረ፣ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር አሳተመ። ህትመቱ ሲመጣ ያ ለስላሳ ሰማይ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተሸንሽኗል። እናትየው ሲደርሳቸው በስልክ “ልጄ፣ ከኋላህ ያለው መጋረጃ ነው እንዴ?” አሉት።

“አቦ፣ እኔ ጋ እኮ ልክ ነበር!” ብሎ ወዳጄ አታሚውን ሊጣላው ሄደ። አታሚው ጥፋት አልነበረበትም። የተሰጠውን ነው ያተመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐረር መንገድ በደንገጎ በኩል ወደ ድሬዳዋ መውረድን አስቡ። ቁልቁለቱ አንድ ወጥ ነው። ያንኑ ቁልቁለት በደረጃ ሥሩት ብትባሉስ? ደረጃው ብዙና ጠባብ ከሆነ እግር አያውቀውም፤ ጥቂት ከሆነ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ያንገጫግጫል። የቢት ጥልቀት የሚባለው የዚህ ደረጃ ብዛት ነው። በ8 ቢት ፎቶ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው ከጨለማ እስከ ብርሃን 256 ደረጃ አላቸው። ሦስቱ ሲባዙ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ይወጣል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይህ ቁጥር ነው። የወዳጄ ሰማይ ግን ሙሉውን 256 አልተጠቀመም። ከአድማስ እስከ ጫፍ 60 ደረጃ ብቻ ይዟል እንበል። ሰማዩ በህትመቱ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ይህም ገና ሳይነካ ነው። እሱ ግን ሰማዩን ለማድመቅ 60ውን ደረጃ 180 ደረጃ በሚይዝ ቦታ ላይ ለጠጠው። መሃል የሚገባ አዲስ ቀለም ከየት ይመጣል? ከየትም። ደረጃው በሦስት በሦስት መዝለል ጀመረ፤ ዓይን መዝለሉን መስመር አድርጎ ያየዋል።

አብዛኞቹ ጥሩ ካሜራዎች በሮው (ባልተቀናበረው ጥሬ ፋይል) ሲያነሱ 12 ወይም 14 ቢት ይመዘግባሉ። 14 ቢት ማለት 16,384 ደረጃ ነው። ጄፔግ ላይ ካነሳችሁ ግን ካሜራው ራሱ ወደ 256 አውርዶ ይሰጣችኋል፤ የቀረውን ይጥለዋል። ያንን ጄፔግ ፎቶሾፕ ውስጥ “16 ቢት” ብላችሁ ብትቀይሩት የተጣለው አይመለስም፤ ከዚያ ወዲህ የምትሠሩት ሥራ የሚያመጣውን ብክነት ብቻ ይቀንሳል። (ፎቶሾፕ 16 ቢት ይበለው እንጂ ውስጡ የሚቆጥረው እስከ 32,768 ነው። ለእኛ ሥራ ይበቃል።)

እዚህ ላይ ያናደደኝን ልናገር። ብዙ ፎቶ ቤት ደንበኛው ሳይጠይቅ ፊቱን ያነጡለታል። ጠይም ልጅ ገብቶ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ወላጅም “አምሯል” ይላል። የማን ልጅ ነው ታዲያ? የክብሩን ጉዳይ ለጊዜው ብንተወው እንኳ ሥራው ራሱ ፎቶ ያበላሻል። የጠይምና የጥቁር ፊት ጥላ የሚቀመጠው ከታች፣ ደረጃው ጥቂት በሆነበት ጨለማ በኩል ነው። በ8 ቢት ያንን ጎትታችሁ ስታወጡት ጉንጭ ላይ እንደ ቋቁቻ ያለ ነገር ይወጣል። ፊት ማንጣት ልማድ ባይሆን ኖሮ የግማሾቻችን የሠርግ አልበም በዳነ ነበር።

አሁን የምሠራበትን ልንገራችሁ። በሮው አነሳለሁ። ስከፍተው በ16 ቢት ነው። ማጥራቱን፣ ማድመቁን፣ ቀለም ማስተካከሉን ሁሉ እዚያው እጨርሳለሁ። በቲፍ ወይም በፒኤስዲ ሴቭ አደርገዋለሁ፤ ይህ የእኔ ነው፣ ለማንም አልሰጠውም። አዎ፣ ይከብዳል፤ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ ሳይጨመቅ በ8 ቢት 72 ሜጋ ባይት የነበረው በ16 ቢት 144 ይሆናል። ሃርድ ዲስክ ግዙ።

ቀጥሎ የምወደው መድኃኒት ይመጣል። ለህትመት የማወጣውን ኮፒ ወደ 8 ቢት ከማውረዴ በፊት ሰማዩን ብቻ መርጬ ብናኝ እነሰንስበታለሁ። ፎቶሾፕ ላይ “አድ ኖይዝ” የሚለው ነው፤ አንድ በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ ቀለም የሌለው። የሙያ ባልደረቦቼ “ያጠራነውን መልሰን ልናቆሽሽ?” ይሉኛል። ነፋስ በደረጃ ላይ አሸዋ ሲያለብስ አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል፤ ጠርዙ ይጠፋና ቁልቁለት ይመስላል። ብናኙም ደረጃ ከደረጃ የሚገናኝበትን መስመር ይበትነዋል። ከአንድ ሜትር ርቀት ማንም አያየውም። ሽንሽኑን ግን ከሦስት ሜትርም ያዩታል። ይህን ዘዴ ስንቱ ንቆብኝ ስንቱ ተመልሶ መጥቶ ጠየቀኝ!

ከዚያ ኮፒውን ወደ 8 ቢት፣ በኤስአርጂቢ የቀለም ክልል፣ በከፍተኛ ጥራት ጄፔግ። አብዛኛው ማተሚያ የሚቀበለው ይህንኑ ስለሆነ 16 ቢት ይዞ ሄዶ መከራከር ከንቱ ነው። በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ።

ለጉርድ ፎቶ፣ ለመታወቂያ፣ ብዙ ለማይነካ የልደት ፎቶ በዚህ ሁሉ አትድከሙ። 8 ቢት ይበቃል።

ወዳጄስ? ዘዴውን ስነግረው ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። ጄፔጉን በዋናው ላይ ደርቦ ሴቭ አድርጎታል፤ ሮውንም ሚሞሪው ሞላ ብሎ ጠርጎታል። በድሮ ጊዜ የፎቶ ቤት ሰው ኔጋቲቭ ሲጥል አይቼ አላውቅም። ወታደሩ ወደ ምድቡ ሄዷል። እናትየው ቤት የተሰቀለው ፎቶ ዛሬም ባለ መጋረጃ ነው። እባካችሁ ሚሞሪያችሁን ከማጥፋታችሁ በፊት ሮው ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።