ገብስ ወይስ ባሕር ዛፍ? የአንድ ማሳ ሒሳብ

ገበሬ ሆይ፤ ከእንጦጦ ባሻገር ባለው ማሳዎ ላይ ገብሱን ትተው ባሕር ዛፍ ለመትከል አስበው ይሆናል። አጣናውም ጭራሮውም ወደ ቀጨኔ ሲወርድ ገዢ አያጣም። ይሁን እንጂ ችግኝ ከማፍላትዎ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዙ፤ ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ካለዎት አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ ስላለቀ፣ ከተማው በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ምንም አልቀረውም ነበር። ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ተቆርጦም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ አዲስ አበባን ባለችበት አጸናት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው። ማሳው በገብስ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ በየዓመቱ 10,000 ብር ይሰጣል እንበል። ባሕር ዛፍ ቢተከልበት በ5ኛው ዓመት ባንድ ጊዜ 60,000 ብር ያወጣል፤ ችግኙም ከራስዎ መደብ የፈላ ነው እንበል። የገብሱ ድምር 50,000 ነውና ዛፉ የሚበልጥ ይመስላል። ነገር ግን ከ5 ዓመት በኋላ የሚገኝ ብር ዛሬ በእጅ ካለው ብር ጋር እኩል አይደለም። በመቶ 10 ወለድ ሲታሰብ፣ ዛሬ የተቀመጠ 100 ብር በ5 ዓመት 161 ብር ይሆናል። ስለዚህ የዛፉ 60,000 በዛሬ ዋጋ 37,250 ያህል ነው። የገብሱም ገቢ የየዓመቱ እንዲሁ ተቀንሶ ሲደመር 37,900 ያህል ይሆናል። ገብሱ በጥቂት በለጠ ማለት ነው። ወለዱ በመቶ 5 ሲሆን ግን ዛፉ 47,000፣ ገብሱ 43,300 ይደርሳል። ጎተራው የሞላ ሰው ለመትከል የሚደፍረው ለዚህ ነው፤ በአራጣ ለሚኖር ሰው ያው ዛፍ ኪሳራ ሊሆንበት ይችላል።

ከሁለተኛው ቆረጣ ጀምሮ ዛፉ ይጠነክራል፤ ሥሩ በመሬት ስላለ አዲስ ተከላ አያስፈልገውም። ወደ ገብስ ልመለስ ያለ ሰው ግን ጉቶ የማስነቀያውን ወጪ ከወዲሁ ይቁጠር። ዋጋውም እንዳለ አይቆምም፤ ጎረቤት ሁሉ ባንድ ዓመት ተክሎ ባንድ ዓመት ቢቆርጥ አጣናው ይረክሳል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን ይፈልጉታል፤ የከተማው እንጀራ ግን ብዙው በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ከጀመረ ቆይቷል።

ቅጠሉ ተጠርጎ ሲያልቅ መሬቱ ይራቆታል፤ የክረምቱ ጎርፍም አፈሩን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ዕዳ የሚከፍለው ተካዩ ሳይሆን ከግርጌ የሚኖረው ሰው ነው። የአገር ሒሳብ የሚሠሩ ባለሙያዎች እርሻን፣ ደንንና አየርን ባንድ መዝገብ የሚያኖሩት ስለዚህ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልትም እንዲሁ አድርጓል። በወላይታ ሁምቦ ገበሬዎች 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው የአገር በቀል ዛፎችን ጉቶ መልሰው በማሳደጋቸው፣ ዛፉ ከአየር ለያዘው ካርቦን ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። በየ5 ዓመቱ ተቆርጦ የሚነድ ባሕር ዛፍ ግን የያዘውን ለአየር ስለሚመልስ እንዲህ ያለ ክፍያ አይጠብቁበት።

በእኔ አስተያየት ሜዳው ለገብስ ይቅር። ባሕር ዛፉን ለማረሻ በማይመቸው ተዳፋት ላይ፣ ከምንጭና ከጎረቤት ድንበር አርቀው በሐምሌ ይትከሉት፤ ከቅጠሉም ግማሹን መሬት ላይ ይተዉት።