የአውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ አቀያየር፤ ጭነት ለሚይዙ ባለ አራት ሲሊንደር ፒክአፕ መኪናዎች

መግቢያ

ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የመስክ መሣሪያ ከምርምር ጣቢያ ወደ ገበሬው ማሳ ከሚያመላልሱት መኪናዎች መካከል ባለ አራት ሲሊንደር ፒክአፕ ዋነኛው ነው። ቀደም ሲል የነበሩት ፒክአፖች ብዙዎቹ ነጂው ፍሪሲዮን እየረገጠ በእጁ ማርሽ የሚያስገባባቸው ነበሩ። አሁን ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸውም ይገኛሉ።

በእጅ ማርሽ ሲነዳ የኖረ ነጂ አውቶማቲክ መኪና ሲረከብ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። አንደኛው፣ መኪናው ዳገት ላይ ማርሽ ሲያመላልስ «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ብሎ ያለ ምክንያት ማስፈታት ነው። ሁለተኛው፣ «አውቶማቲክ ስለሆነ ራሱ ያውቃል» በማለት ዘንጉን በዲ ላይ ትቶ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም መንዳት ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ያባክናል። ሁለተኛው ካምቢዮ ያቃጥላል፤ በቁልቁለት ላይ ከሆነም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ ማሳየት ነው።

1. ካምቢዮው እንዴት ይሠራል?

በእጅ ማርሽ መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ መኪና ይህን ቦታ የያዘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ድፍን ዕቃ ነው። በውስጡ ፊት ለፊት የተቀመጡ ባለ ክንፍ ሽክርክሪቶች አሉ። አንደኛው ከሞተሩ ጋር ሲዞር ዘይቱን ይገፋል፤ የተገፋው ዘይት ሁለተኛውን ያዞራል።

መኪናው ሲነሣና ከባድ ዳገት ሲወጣ ይህ ዕቃ የሞተሩን የማዞር ኃይል ያበዛል። ነገር ግን በሁለቱ ሽክርክሪቶች መካከል መንሸራተት ስላለ ከኃይሉ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱን የሚሸከመው የካምቢዮው ዘይት ነው። ደልዳላ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲያዝ በውስጡ ያለው መቆለፊያ ሁለቱን አጣብቆ መንሸራተቱን ያስቀራል።

2. ማርሽ የሚቀየረው በምን ምክንያት ነው?

ካምቢዮው በዋናነት የሚመለከታቸው ሁለት ነገሮች ናቸው።

ሀ) የመኪናው ፍጥነት፤
ለ) ነጂው የነዳጅ ፔዳሉን የረገጠው መጠን።

ፔዳሉ በቀስታ ከተረገጠና ፍጥነቱ ከጨመረ ካምቢዮው «ሥራው ቀላል ነው» ብሎ ነዳጅ ለመቆጠብ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይወጣል። ፔዳሉ በኃይል ከተረገጠ ወይም ፍጥነቱ ከወደቀ ማርሽ ይቀንሳል። ከፊት ያለውን ዳገት፣ ከኋላ የተጫነውን ኩንታልና ከአፋፉ በታች ያለውን ገደል ግን አያይም። አዳዲሶቹ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ካምቢዮዎች የመንገዱን ተዳፋት በመጠኑ ቢገምቱም የሚገምቱት መኪናው ዳገቱ ወይም ቁልቁለቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚያየው ነጂው ብቻ ነው።

3. ባለ አራት ሲሊንደሩ ለምን ማርሽ ያመላልሳል?

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 በአሜሪካ ይሸጥ የነበረውን ቶዮታ ታኮማ እንውሰድ። ባለ አራት ሲሊንደሩ ታኮማ 2.7 ሊትር ሞተርና ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበረው። ይኸው ሞተር በልዩ ልዩ አገሮች በሃይሉክስ ላይም ተገጥሟል።

የማርሾቹ ምጣኔ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ ማርሽ፦ 2.8 ገደማ
2ኛ ማርሽ፦ 1.5 ገደማ
3ኛ ማርሽ፦ 1
4ኛ ማርሽ (ኦቨርድራይቭ)፦ ከ1 በታች

መኪናው በ2ኛ ማርሽ በደቂቃ 3,000 ዙር እየሠራ ወደ 3ኛ ሲገባ የሞተሩ ዙር ወደ 2,000 ይወርዳል። በ3ኛ ማርሽ 3,000 ዙር ላይ ሆኖ ወደ 4ኛ ሲገባም ዙሩ በሩብ ያህል ይቀንሳል። የዚህ ሞተር የማዞር ኃይል ከሁሉ የሚበረታው ግን በ3,800 ዙር አካባቢ ነው። ስለዚህ በ4ኛ ማርሽ ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ጉልበቱ ከሚገኝበት ዙር በታች ነው ማለት ነው።

በአገራችን ደጋ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ በዚሁ መጠን ገደማ ይቀንሳል። ተርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ጉዳቱ ያንሰዋል።

ውጤቱ የሚከተለው ነው። መኪናው ዳገት ሲጀምር ፍጥነቱ ይወድቃል። ነጂው ፔዳሉን ሲጨምር የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ይለቃል፤ ከዚያም ካምቢዮው ወደ 3ኛ ይወርዳል። ሞተሩ ይጮሃል፤ ፍጥነቱም ይመለሳል። ነጂው እፎይ ብሎ እግሩን ሲያላላ ካምቢዮው ወደ 4ኛ ይወጣል። ወዲያው ፍጥነቱ እንደገና ይወድቃል። ይህ ብልሽት አይደለም። ይሁን እንጂ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር በውስጡ ያሉት የመያዣ ሸክላዎች ይፋተጋሉ፤ ዘይቱም ይግላል። ዘይቱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል፤ ዘይቱ ከተበላሸ ካምቢዮው አይቆይም።

4. በዳገት ላይ ምን ይደረግ?

ሀ) ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት የኦቨርድራይቭ ማጥፊያውን ተጭኖ 4ኛ ማርሽን መከልከል። ማጥፊያ የሌለው መኪና ከሆነ ዘንጉን ወደ 3 ወይም በእጅ ወደሚታዘዝበት ቦታ ማድረግ።

ለ) ካምቢዮው በ3ኛና በ2ኛ መካከል ከተመላለሰ ፍጥነት ቀንሶ ዘንጉን ወደ 2 ማድረግ።

ሐ) በሞተሩ ጩኸት አለመደንገጥ። የዙር መቁጠሪያው ከቀዩ ምልክት በታች እስከሆነ ድረስ 3,500 ወይም 4,000 ዙር ሞተሩን አይጎዳውም። ከፍ ባለ ዙር እየጮኸ መውጣት፣ በዝቅተኛ ዙር እየተንገዳገደ ከመውጣት ይሻላል።

መ) ጭነትን ከልክ አለማሳለፍ። አሥር ኩንታል ማለት 1,000 ኪሎ ነው። የብዙ ፒክአፖች የመጫን አቅም በዚሁ አካባቢ ነው። የነጂውና የተሳፋሪዎቹ ክብደትም በዚህ ውስጥ እንደሚቆጠር መዘንጋት አይገባም።

5. በቁልቁለት ላይ ምን ይደረግ?

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። እንዲህ ባለው ቁልቁለት ነጂው እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ መኪናው በራሱ ክብደት ይፈጥናል። ካምቢዮው የሚያየው ያልተረገጠ ፔዳልና እየጨመረ የሚሄድ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ማርሽ ይጨምራል። ይህ ከሚፈለገው ተቃራኒ ነው። ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቅተዋል፤ ሥራው ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬኑም ሲግል መያዙን ያቆማል።

ስለሆነም፦

ሀ) ገና ከአፋፉ ላይ በፍሬን ፍጥነት ቀንሶ ዘንጉን ወደ 3 ወይም ወደ 2 ማድረግ። ፍሬን ሳያሰልሱ መርገጥ ካስፈለገ ማርሹ ገና አልበቃም ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ይደረግ።

ለ) ፍሬንን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ እግርን ሳያነሡ መውረድ አይገባም።

ሐ) የፍሬን ሽታ ከተሰማ ደኅና ቦታ ላይ ቆሞ እስኪበርድ መጠበቅ።

መ) ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በኤን፣ ማለትም በዜሮ ማርሽ፣ ፈጽሞ አለመውረድ።

6. ጤነኛ ጠባይና የብልሽት ምልክት

የሚከተሉት ብልሽት አይደሉም፦ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ 4ኛ ለመግባት መዘግየት፤ ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ማርሽ መቀነስ፤ በደልዳላ መንገድ መቆለፊያው ሲይዝና ሲለቅ የዙር መጠነኛ ለውጥ።

የሚከተሉት ግን መካኒክ የሚያስፈልጋቸው ናቸው፦ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አለመሳቡ፤ ከኤን ወደ ዲ ወይም ወደ አር ሲገባ ብዙ ሰኮንድ መቆየቱ፤ ማርሽ ሲቀየር በኃይል መምታቱ፤ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር መሽተቱ።

7. ስለ ዘይቱና ስለ ጉተታ

የዘይት መለኪያ ዘንግ ያላቸው መኪናዎች ብዙውን ጊዜ የሚለኩት ካምቢዮው ሞቆ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞና ሞተሩ እየሠራ ነው። አስቀድሞም የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ፍሬን ረግጦ ዘንጉን በየቦታው አሳልፎ ወደ ፒ መመለስ ያስፈልጋል። መለኪያ የሌላቸውን የሚያየው መካኒክ ነው። የዘይቱ ዓይነት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ብቻ መሆን አለበት።

አውቶማቲክ መኪና ባትሪ ሲደክም በመግፋት አይነሣም፤ ምክንያቱም ካምቢዮውን የሚያሠራው የዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። በዚሁ ምክንያት ሞተሩ ጠፍቶ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ሩቅ መንገድ ከተጎተተ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል። ጎማዎቹን ማንሣት ወይም መኪናውን ጭኖ መውሰድ ይገባል።

ማጠቃለያ

አውቶማቲክ ካምቢዮ እጅንና እግርን ያሳርፋል፤ ዓይንን ግን አይተካም። ዳገቱንና ቁልቁለቱን አስቀድሞ አይቶ ማርሹን የሚወስን ነጂ ካምቢዮውንም፣ ጭነቱንም፣ አብረውት የተሳፈሩትንም በደኅና ያደርሳል።