ቦንሳይ፤ በሸክላ ዕቃ የሚያረጅ ዛፍ

የዛፍ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ቁመቱና ስለ ጥላው፥ ስለ ማገዶውና ስለ ሳንቃው ነው። በጃፓን አገር ግን ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ክንድ የማያልፍ ዛፍ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ እንደ ርስት ሲተላለፍ ይኖራል። ስሙ ቦንሳይ ነው፤ ትርጓሜውም በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። የዚህ ጥበብ ታሪክ አገር ለሚያስተዳድርና መሬት ለሚያሠራ ሰው የሚጠቅም ትምህርት ስላለው ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ ተጽፏል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ቦንሳይ በተፈጥሮው ድንክ የሆነ የዛፍ ዘር አለመሆኑ ነው። በሜዳ ቢተከል እንደ ወገኖቹ የሚረዝም ጥድ ወይም ሌላ ዛፍ ነው። አጭር ሆኖ የሚኖረው ሥሩ በጠባብ ዕቃ ስለ ተወሰነ፥ በየጥቂት ዓመቱም ከዕቃው እየወጣ ሥሩ ስለሚከረከምና አፈሩ ስለሚለወጥ፥ ቅርንጫፉም ስለሚመለመል ነው። አፈሩ ጥቂት በመሆኑ በሙቀት ወራት ውሃ ቢጓደልበት ፈጥኖ ይደርቃል። እንግዲህ የመቶ ዓመት ቦንሳይ ማለት ያልተቋረጠ የመቶ ዓመት ጥበቃ ማለት ነው።

የጥበቡ ምንጭ ቻይና ነው። በ706 ዓ.ም. በተሠራው በልዑል ዣንግኋይ መቃብር ግድግዳ ላይ፥ ድንጋይና ትንንሽ ተክል ያለበትን ዝርግ ዕቃ የያዘ አገልጋይ ተሥሎ ይታያል። ጥበቡ ኋላ ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ ካሱጋ ጎንገን በተባለው በ1309 ዓ.ም. በተሣለው ጥቅልል ላይም በዕቃ የተተከሉ ድንክ ዛፎች ይገኛሉ።

በጃፓን ቲያትር ሃቺ ኖ ኪ የሚባል የቆየ ጨዋታ አለ። በበረዶ ሌሊት አንድ መነኩሴ፥ ዘመዶቹ ርስቱን ነጥቀውት በድኽነት ከሚኖር ወታደር ቤት ያድራል። ወታደሩም ማገዶ ቢያጣ፥ ተንከባክቦ ያሳደጋቸውን ሦስቱን የሸክላ ዛፎች፥ ፕሪሙን፥ ቼሪውንና ጥዱን ቈርጦ እንግዳውን አሞቀበት። መነኩሴ መስሎ አገር ይመረምር የነበረው ግን ቀድሞ የመንግሥቱ እንደራሴ የነበረው ሆጆ ቶኪዮሪ ነበረ። ኋላም ወታደሩን አስጠርቶ የተነጠቀውን ርስት መለሰለት፤ ስለ ሦስቱ ዛፎችም ሦስት ጕልት ሰጠው። ነገሩ ጨዋታ ቢሆንም እንዲህ ያለ ዛፍ ምን ያህል ይከበር እንደ ነበረ ያስረዳል።

ይህ ጥበብ ብዙ መከራ አልፎበታል። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ታላቅ የምድር መናወጥና ቃጠሎ ቶኪዮን ባጠፋ ጊዜ፥ ዛፍ አሳዳጊዎቹ ንጹሕ ውሃና ሰፊ ቦታ ፈልገው ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሚያ አዲስ መንደር ቈረቈሩ። ለመንደሩም ሕግ አወጡ፤ በዚያ የሚኖር ሁሉ ከዐሥር ያላነሰ ቦንሳይ እንዲኖረው፥ በሩንም ለጎብኚ ክፍት እንዲያደርግ፥ ፎቅ ቤትም እንዳይሠራ ተስማሙ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከ1625 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረው የያማኪ ቤተ ሰብ ነጭ ጥድ ነው። በኦገስት 6 ቀን 1945 የአቶም ቦምብ በሂሮሺማ ሲወድቅ፥ ዛፉ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአጥር ግንብ ተከልሎ ስለ ነበረ ዳነ። ማሳሩ ያማኪ የተባለው ባለቤቱ በ1976 ዓ.ም. ጃፓን ለአሜሪካ ካበረከተቻቸው 53 ቦንሳዮች ጋራ ሰጠው። ቦምቡን ለጣለው አገር ሲሰጥ ስለ ደረሰበት ነገር አልተነገረም፤ ታሪኩ በዋሽንግተን የታወቀው በ2001 ዓ.ም. የልጅ ልጆቹ ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነው።

ከዚህ የምንማረው፥ ዛፍን ለብዙ ዘመን የሚያኖረው የተከለው እጅ ብቻ ሳይሆን የሚረከበው እጅ ጭምር መሆኑን ነው። ሹም ይሻራል፤ ባለ መሬትም ያልፋል፤ ችግኙ ግን በቦታው ቆሞ ውሃ ይጠብቃል። ስለዚህ ሥራውን የሚያስረክብ ሁሉ፥ ገንዘቡንና መዝገቡን ቈጥሮ እንደሚያስረክብ፥ የተከለውንም ዛፍ በቍጥር፥ ከውሃ አጠጪውና ከጠባቂው ጋራ ለተተኪው ቢያስረክብ ድካሙ ከንቱ አይቀርም።