የረጠበ በርበሬ በባሕር ማዶ ገበያ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ ስገዛ ዛላውን አንስቼ እነቀንቃለሁ፤ ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። አንዳንዱ ገበሬ፣ ነጋዴውም ጭምር፣ ዛላው እንዳይሰባበር ውሃ ይረጭበታል፤ ሚዛንም ይጨምርለታል። ሁላችንም ስለምናውቅ በዋጋ ተከራክረን እንስማማለን።

ባሕር ማዶ ግን የሚነቀንቅ የለም፤ የሚመረምረው ላቦራቶሪ ነው። እርጥበት ሻጋታን፣ ሻጋታም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ያለበትን በርበሬ አያስገባም። የእኛ ልማድ እዚያ ማጭበርበር ነው።

በዲናችንስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መታው ቢላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አጭበርባሪንም ከእኛ አይደለም አሉ። ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል።

እኔም የረጠበውን ከጆንያው ሥር አድርጌ መርካቶ የላክሁበት ጊዜ ነበር። አሁን ለውጭ ገበያ ስገዛ ለደረቀው ጭማሪ እከፍላለሁ፤ ገበሬው ውሃ በመተዉ እንዳይከስር።