ነፍሰ ጡር ሴትና የእርሻ ሥራ

የወሊድ ዕረፍትን አስቀድሞ ስለ ማዘጋጀት፣ በጅግጅጋና በአካባቢዋ ለሚገኙ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

ፍየል የሚያረባ ሰው ፍየሊቱ ከተጠቃች ከ5 ወር በኋላ እንደምትወልድ ያውቃል። ግመል የሚያረባውም 13 ወር ያህል ይቈጥራል። መውለጃዋ የተቃረበውን እንስሳ ወደ ሩቅ ግጦሽ አይነዳትም፤ ውሃና መኖዋን ከቅርብ ያዘጋጅላታል። ይህ ከአባቶች የተወረሰ ማለፊያ ዕውቀት ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት ለእናቲቱ ይህን የመሰለ ስሌት አይደረግም። ሴቲቱ ምጥ እስኪይዛት ድረስ ጀሪካን አዝላ ትመላለሳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ አገዳ ትሸከማለች። የሚወለደው ልጅ ግን ድንገት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የሚመጣበት ወር አስቀድሞ ይታወቃል።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። የወሊድ ዕረፍት ለደመወዝተኛ ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም። ደመወዝተኛዋን ዕረፍት የሚሰጣት አሠሪዋ ነው፤ ገበሬዋን ግን የሚሰጣት ቤተ ሰቧ ነው። ቤተ ሰቡም ዕረፍቱን መስጠት የሚችለው ሥራውን ከወራት በፊት ያደላደለ እንደ ሆነ ነው።

ሕግና ልማድ ምን ይላሉ?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለተቀጠረች ሴት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። በግል እርሻ፣ በመጋዘን ወይም በሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ይህን መብቷን ማወቅ ይገባታል።

የሶማሌ ሕዝብም የራሱ የሆነ የወሊድ ዕረፍት ልማድ አለው። አራሷ 40 ቀን ከቤት ትቈያለች፤ እናቷ፣ እኅቶቿና ጎረቤቶቿ ምግብ ያበስሉላታል፣ ውሃ ይቀዱላታል። ይህ ልማድ ሊጠበቅና ሊጠነክር የሚገባው ነው።

ሕጉንና ልማዱን ጎን ለጎን ብናያቸው አንድ ጉድለት እናገኛለን። ሕጉ ከወሊድ በፊትም በኋላም ዕረፍት ይሰጣል። ልማዱ ግን የሚያስበው ከወሊድ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ከወሊድ በፊት ያለው የመጨረሻው ወር፣ ሆድ የገፋበትና ሸክም የከበደበት ወር፣ ጠባቂ የለውም። እንግዲህ እያንዳንዱ ቤት በ40 ቀኑ ላይ ከወሊድ በፊት ያለውን 30 ቀን መጨመር አለበት።

ወሩን ስለ መቍጠር

የእርግዝና ዘመን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲቈጠር 280 ቀን ያህል ነው። በእኛ አቈጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 9 ወር ከ10 ቀን መጨመር ነው። በመካከል ጳጉሜን ካለች ግን የሚጨመረው 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል። በሂጅራ ወር የምትቈጥር ሴት 9 ወር ተኩል ያህል ትቍጠር።

ምሳሌ፦ የመጨረሻ የወር አበባዋን ሐምሌ 1 ቀን ያየች ሴት የመውለጃዋ ቀን ሚያዝያ 6 ገደማ ነው። ከወሊድ በፊት የሚገባት የ30 ቀን ዕረፍት መጋቢት 6 ቀን ይጀምራል ማለት ነው። አሁን ይህን ቀን ከአገሩ ወቅት ጋር እናስተያየው። መጋቢት የጂላል መጨረሻ ነው፤ በብርካ የተጠራቀመው ውሃ የሚያልቅበት፣ የውሃ መንገድ የሚረዝምበት ወር ነው። ሚያዝያ ደግሞ የዲራዕ ዝናብ ወርዶ እርሻ የሚታረስበትና ማሽላ የሚዘራበት ወር ነው። ስለዚህ የዚህች ሴት ዕረፍት ከዓመቱ እጅግ ከባድ ከሆነው ሥራ ጋር ይጋጠማል።

የወር አበባዋን ጥቅምት 1 ያየችው ደግሞ ሐምሌ 11 ገደማ ትወልዳለች፤ ይህም የአረም ጊዜ ነው። ጥር 1 ያየችው ጥቅምት 6 ገደማ ትወልዳለች፤ ያን ጊዜ አጨዳው ይቃረባል። ቀኑ በሁለት ሳምንት ያህል ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ስለሚችል ዝግጅቱ ሁሉ አንድ ወር አስቀድሞ ያልቅ።

አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት

የሚያዝያዋን ወላድ እንደ ምሳሌ ይዘን ቤተ ሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል እንናገራለን።

1ኛ. ከመስከረም እስከ ኅዳር። ከከራን ዝናብ በኋላ በግና ፍየል ይሰባሉ። ለሐኪም ቤት መሄጃ፣ ለውሃ መግዣና ለአራስ ቤት የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት የሚሸጠው እንስሳ በዚህ ጊዜ ይሸጥ። እስከ መጋቢት ቢቈይ ይከሳል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ገንዘቡ ለሌላ ነገር እንዳይወጣ ለብቻው ይቀመጥ።

2ኛ. ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ። የማሽላና የበቆሎ አገዳ ከታጨደ በኋላ በቤት አጠገብ ይከመር። መኖው ቅርብ ከሆነ በመጨረሻው ወር ከማሳ የሚሸከመው አይኖርም።

3ኛ. የካቲት። እህል ወደ ወፍጮ ቤት ተወስዶ ለአንድ ወር የሚበቃ ዱቄት ይዘጋጅ፤ እንጨትም ተለቅሞ ይከመር። ለምርት ዘመኑ የሚሆነው ዘር ተመርጦ ይቀመጥ። በትራክተር የሚያሳርስ ሰውም ከባለ ትራክተሩ ጋር ይነጋገር።

4ኛ. መጋቢት። ውሃ የመቅዳት ሥራ ከሴቲቱ እጅ ይውጣ። ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በቀን 4 ጀሪካን የምትቀዳ ሴት 80 ኪሎ ትሸከማለች ማለት ነው። ይህን ሸክም አህያ በአንድ ጊዜ ታመጣዋለች። አህያ የሌላቸው ሦስት ወይም አራት ቤቶች ተባብረው አንድ የአህያ ጋሪ ቢከራዩ ለሁሉም ይጠቅማል። ባልየውና የደረሱ ወንዶች ልጆች ውሃ ቢቀዱ ነውር አይደለም። ነውሩ ልትወልድ የደረሰችው ሴት ስትሸከም ቆሞ ማየት ነው። ሸክሙ ሁሉ ወደ ትልቋ ሴት ልጅ ዞሮ ከትምህርት ቤት እንዳያስቀራትም መጠንቀቅ ያሻል።

መተው የሚገባው ሥራ

እርግዝና በሽታ ስላልሆነ ነፍሰ ጡር ሴት ቀላል ሥራ ብትሠራ አይጎዳትም። ከዚህ በታች የተመለከተውን ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምራ ትተው፦

— የፀረ ተባይ መድኃኒት አትርጭ፤ በመድኃኒት የታሸ ዘር በእጇ አትንካ፤ የረጪውንም ልብስ አትጠብ።
— ያስወረደች ፍየል፣ በግ ወይም ግመል አታዋልድ፤ የእንግዴ ልጁንም አትንካ። ውርጃ የሚያመጡ እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ የእንስሳት በሽታዎች ወደ ሰው ይተላለፋሉ።
— የፍየልም ሆነ የግመል ወተት ሳይፈላ አትጠጣ።
— ወደ ብርካ ውስጥ ወርዳ ውሃ አትቅዳ፤ መንሸራተት አደጋ ነው።
— ቤት ሲፈታና ሲጫን ከባድ ዕቃ አታንሣ።

ስለ ጤና

የመጀመሪያው ምርመራ እርግዝናው 3 ወር ሳይሞላው ይደረግ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት 8 ጊዜ እንድትታይ መክሯል። በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ ትዋጥ፤ ሻይ ኪኒኑ በሰውነት ውስጥ እንዳይሠራ ስለሚያግድ አብራ አትጠጣው። ከወትሮው በቀን አንድ ጊዜ ጨምራ ትብላ፤ ስታጠባ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትጨምር። በረመዳን ጾሙ ራሷን ወይም ፅንሱን ይጎዳብኛል ብላ የምትሠጋ እናት አዘግይታ እንድትጾም ሃይማኖቷ ይፈቅድላታል።

ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ ሴት የእናቶች ማቆያ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ቀኗ ከመድረሱ በፊት ብትሄድ መልካም ነው። ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ከፈዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ አንድ ሌሊት እንኳ መጠበቅ አይገባም። የሚያጓጉዛት መኪና ባለቤትና ስልኩ አስቀድሞ ይታወቅ። በጅግጅጋ ከተማ ካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ይገኛሉ።

ለልማት ሠራተኞች

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም 4ኛ ምዕራፍ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከመጀመሪያው ምርመራ አንሥቶ ልጁ 1 ዓመት እስኪሞላው ከሕዝባዊ ሥራ ወጥታ ድጋፉን በቀጥታ እንድትቀበል ወስኗል። ይህ ለገበሬዋ እንደ ወሊድ ፈቃድ የሚቈጠር ነው። እርከን ስትሠራና ድንጋይ ስትሸከም ነፍሰ ጡር ሴት ያየ የልማት ሠራተኛ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግሮ ስሟ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ መዝገብ እንዲዛወር ያድርግ። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራበትን ደንብም ከወረዳው ይጠይቅ።

ራሷ ነፍሰ ጡር የሆነች የልማት ሠራተኛ የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚሰጣትን ቀን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ትረዳ፤ የሐኪም ማስረጃ ይዛም ጥያቄዋን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ታቅርብ። የዘርና የማዳበሪያ መዝገቧን፣ የሠርቶ ማሳያ ማሳዎቿን ዝርዝርና የገበሬዎቹን ስም ለተተኪው ታስረክብ። ሥራዋ በሚገባ ከተላለፈ በዕረፍቷ ጊዜ የሚጠራት አይኖርም።

ለስብሰባ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ በዚህ ዓመት የሚወልዱ እናቶች ቀናቸው በየትኛው የሥራ ወቅት ላይ ይውላል?
2. በመጨረሻዎቹ 30 ቀናት ውሃ የሚቀዳላቸው ማን ነው?
3. ለመጓጓዣ የሚሆነው ገንዘብ ከየትኛው እንስሳ ሽያጭ ይገኛል? የሚሸጠውስ በየትኛው ወር ነው?