ቆጥሮ ማወቅ

ኮሌራ ከየት ይመጣል? በ1854 እ.ኤ.አ. ብዙ የለንደን ሰዎች «ከክፉ አየር ነው» ይሉ ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን ሟቾችን በየቤቱ አስቆጠረ። የጎረቤታሞች አየር አንድ ነው፤ የቧንቧ ውሃቸው ግን የሁለት ኩባንያ ነበር። አንዱ ከቴምስ ወንዝ የሚቀዳው የከተማው ቆሻሻ ከሚገባበት፣ ሌላው ከዚያ በላይ ነው። ከየ10,000 ቤት፣ ቆሻሻው ውሃ ከደረሳቸው 315፣ ከሌሎቹ 37 ሰው ሞተ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የውሃው!

እናንተም መጻፍ ታውቃላችሁ። በመንደራችሁ ተቅማጥና ትውከት ቢገባ የታመመውን ሰው፣ ቀኑንና የጠጣውን ውሃ ጻፉ። ቶሎ ለጤና ጣቢያ ንገሩ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ።

ጥያቄ፦ የምንጭ ውሃ ከሚጠጡ 50 ቤቶች 5 ሰው፣ የወንዝ ውሃ ከሚጠጡ 20 ቤቶች 4 ሰው ታመመ። የትኛው ውሃ ይብሳል? በ100 ቤት አስሉ።