ገመዱን ተወውና ካንዴላውን ፍታ

ኧረ ተው ወንድምዓለም፣ ገመዱን ልትበጥሰው ነው! እንዲህ ስትጎትት ብትውል ክንድህ ይዝላል እንጂ የሣር ማጨጃው አይነሣም። ጥላው ሥር አስቀምጠውና ካንዴላውን ፈተህ አሳየኝ።

አየህ፣ ጫፉ ረጥቧል። ቤንዚን ደርሶታል፤ እንዲያውም በዝቶበታል። ቾኩን ሳትከፍት ደጋግመህ ስለሳብከው ታፍኗል። ካንዴላውን በጨርቅ ጥረገው። ቾኩን ክፈትና ካንዴላው እንደወጣ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳብ፤ የተጠራቀመውን በቀዳዳው ይተፋዋል፣ ፊትህን ዘወር አድርግ። ደረቅ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ታንከሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፊልትሮ፣ ከዚያ ቱቦውን፣ መጨረሻ ላይ ካርቡራተሩን ነበር የምናየው። ካንዴላው ጥቀርሻ ከለበሰ ደግሞ የአየር ፊልትሮውን ጠርጥር። ስፖንጁን በሳሙና እጠበው፤ በደንብ ሳይደርቅ ግን አትመልሰው።

ሉማሜ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፤ ሲሠራ ጭስ የሚያበዛ ከሆነም ከዚያ ሊሆን ይችላል። የካርቡራተሩን ብሎን ግን አንተ አትነካካው። ቤንዚኑን ከመጠን በላይ ካሳነስክበት ሞተሩ ግሎ ፒስቶኑን ይበላዋል። ደብረ ማርቆስ ስትሄድ የሚያውቅ ሰው ያስተካክልልህ።

ለመሆኑ ቤንዚኑ የየት ነው? በሃይላንድ የገዛኸው? ወደ ብርሃን ያዘውና እስኪረጋ ጠብቅ። ውኃ ካለበት ከሥር ይተኛል፣ መስመሩ ይታይሃል። ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ግን በዓይን አይለይም፤ ከማደያ ሲገኝ መቅዳት ነው፣ ወረፋው ቢያስመርርም። ካለፈው ጥቅምት ታንከሩ ውስጥ የከረመ ከሆነም አውጣው። የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ እየሆነ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ይደፍናል።

ዘይቱስ? ይኼ ሞተር ለብቻው የዘይት ማስገቢያ የለውም፤ የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ለመኪና የሚገዛውን አይደለም፣ የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። መመሪያው 1 ለ25 ካለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ50 ካለ 20 ነው። በክዳን እየገመትክ አትጨምር፤ ከመድኃኒት ቤት ስሪንጅ ግዛና ለካ። ደረቅ ቤንዚን ካጠጣኸው ፒስቶኑ ይነክሳል፣ ከዚያ ወዲያ ብረት ነው።

ተነሥቶ ጥቂት ሠርቶ ከጠፋ የታንከሩን ክዳን ላላ አድርገው። ወዲያው ከተነሣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው፣ አጽዳው። ድምፁ እያለ ጉልበት ካጣ ማርሚታው ውስጥ ያለችውን ወንፊት እይ፤ ጥቀርሻ ይሞላታል።

በማጨጃው ክር ቦታ ምን ልታስር ነው ደግሞ? ሽቦ? በፍጹም! ይኼን በክር የሚያጭድ መሣሪያ በ1971 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የቴክሳሱ ጆርጅ ባላስ መጀመሪያ የሞከረው ቆርቆሮ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር አስሮ ነው። ክሩ ድንጋይ ሲመታ ያልቃል፤ ሽቦ ግን ተቆርጦ እንደ ጥይት ይበራል። የናይለን ክሩ ደርቆ የሚሰባበር ከሆነ ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ይለሰልሳል።

አሁን ካንዴላውን መልስና ሞክረው። ቆይ፣ መጀመሪያ መነጽሩን አድርግ። እነዚያን ልጆችም ከአጥሩ ማዶ አስወጣልኝ።